ስለ ጋሮማ የጠየቁኝ

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ነገሳ፣

አካም ጅርቱ፣ አባ ኮ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የእማማ ደጊቱ ሳልስ ተሻላቸው? እኛ ደህና ነን። እናቴ ዕድሜ ከመጫኑ በቀር ምንም አልሆነችም። ላሞቼ ሦስት ደርሰዋል፤ ሁለቱ ይታለባሉ። ወተቱን ለማኅበሩ አስረክቤ ስመለስ ወደ ሰበታ ድርቆሽ የሚያመላልሰው ከሊፋ ሊጭን መጥቶ አገኘሁትና “ከሰበታ የአባትሽ ደብዳቤ አለሽ” ሲለኝ ክው አልኩ። አባቴ ከሞተ ስንት ዓመቱ! ለካ እርስዎን ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን አንዲት መስመር ሳልጽፍልዎ መቅረቴን በክፋት አይዩብኝ። እኔንና ጋሮማን በሽማግሌነት ተቀምጠው የለያዩን እርስዎ ነበሩ። የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ያ ቀን ፊቴ ላይ መጣ።

ጋሮማ በግሉ ለፓርላማ ሊወዳደር መነሣቱን ከእርስዎ ሰማሁ። “ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረሻል፤ ሰውየው እንዴት ያለ ነው? አንቺ ካልነገርሽኝ የድጋፍ ፊርማዬን አልሰጥም፤ እኔ ካልፈረምኩ ደግሞ ሰፈሩ አይፈርምም” ብለውኛል። አባባ፣ ይህ ለኔ ከባድ ነው። የፈታሁትን ባል ብወቅሰው ቂመኛ እባላለሁ። ባመሰግነው ደግሞ “ታዲያ ለምን ፈታሽው?” ሊሉኝ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ትንሹን ልንገርዎት። የታመመች ላም አለች ከተባለ ድግስ መሐል ተነሥቶ ይሄዳል፤ የከብት ሐኪም ሚስት ብቻዋን ሠርግ ትበላለች። ቀልድ ቶሎ አይገባውም፤ ሰው ስቆ ሲጨርስ ነው የሚጀምረው። እልኸኛ ነው። ሰው ሲናገር ግን አያቋርጥም። ሲሳሳት ቢያርሙት አይቆጣም፤ “እስቲ ድገሚልኝ” ይላል። ከዚህ ያለፈውን አይጠይቁኝ።

ይልቅ ሌሎቹን ዕጩዎች ይንገሩኝ። ሰው የሚመዘነው ከሰው ጋር ነው።

ልጅዎ ዱርሲቱ


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2007 ዓ.ም.

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ዱርሲቱ፣

ጤናሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። ደጊቱ “ሳሌ ከኔ ጋር አርጅቷል በላት” ትልሻለች። በከሊፋ አፍ “ለምን ስልክ አይደውሉልኝም?” ብለሻል። አንደኛ ጆሮዬ ደክሟል። ሁለተኛ በዚህ ዘመን በስልክ የሚወራና የማይወራ ነገር አለ።

ሌሎቹን ዕጩዎች ልንገርሽ። አንደኛው አቶ ዱባለ ነው፣ የገዢው ፓርቲ ዕጩ። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ለመንደራችን የቦኖ ውሃ ያስገባልን እሱ ነው፤ ለቅሶ ላይ ቀርቶ አያውቅም። አዲስ አበባን ወደኛ ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን ስንጠይቀው ግን ዓይኑ ይሸሻል። “ከላይ ሲመጣ እነግራችኋለሁ” ነው መልሱ። ሁለተኛው የሱፍ ይባላል፤ ከተቃዋሚዎቹ ወገን፣ ሕግ የተማረ ወጣት። ሲናገር ደም ያሞቃል። እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ ዱላዬን ይዤ ልነሣ ይቃጣኛል።

ሦስቱንም ለየብቻ አግኝቼ አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ “የተሸነፍክ ዕለት ማግስት ምን ታደርጋለህ?” አልኳቸው። ዱባለ “ፓርቲው በመደበኝ እሠራለሁ” አለ። የሱፍ ሳቀና “እኔ አልሸነፍም አባባ” አለኝ። ጋሮማ ጥቂት አሰበ። “የጎረቤታችን የድንቅቱ ላም ልትወልድ ተቃርባለች፤ እሷ ጋ መሄዴ አይቀርም” አለኝ። ይህ መልስ ሆዴ ገባ። ሹመቱን ባያገኝም ሰው ሆኖ የሚቀር ነው አልኩ።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ታውቂያለሽ። አምና በሚያዝያ ተማሪዎቹ ሲነሡ የሆነውን አይተናል። ከተማዋ ወደኛ ልትሰፋ ነው፤ የፋብሪካው አጥር የጤፍ ማሳዬ ጥግ ደርሷል። አሁን የምንልከው ሰው እዚያ አዳራሽ ሲገባ አፉ ለኛ የሚከፈት መሆን አለበት።

ግን አንድ ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። “የሚስቱን ወንድም ወህኒ አስገብቶ ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው ነው። ለአማቹ ያልሆነ ለባዳ ይሆናል ወይ?” ይላሉ። ራሱን ጠየቅሁት። “የቤታችን ነገር ነው፤ ዱርሲቱ ከፈቀደች እሷ ትንገርዎት። ያለ ፈቃዷ አላወራም” አለኝ።

እኔም የማውቀው ስትፋቱ ሁለታችሁም አንዲት ቃል እንዳልተነፈሳችሁ ነው። አሁን ግን ንገሪኝ፣ ልጄ።

ነገሳ


ሱሉልታ፣ ጥር 10 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ነገሳ፣

መልሴ የዘገየው ጀምሬ ጀምሬ እየቀደድኩት ነው። “ዱርሲቱ ከፈቀደች” ማለቱ አስለቀሰኝ። ይኸው፣ ፈቅጃለሁ።

ወንድሜ ገርባ አይሱዙ ይነዳ ነበር። ሱሉልታ ለአጎታችን ልጅ ሠርግ ተሰብስበን ሳለ እኩለ ቀን ላይ፣ አጀቡ ከሄደ በኋላ፣ ሙሽሮቹን ሊከተል ተነሣ። ጠጥቶ ነበር። ጋሮማ ብቻውን አልተወውም፤ ከጎኑ ተቀመጠ። አዲሱ መንገድ የሚሠራበት ቦታ ሲደርሱ አንድ የቀን ሠራተኛ ገጩ። ከሆሳዕና የመጣ ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ ለምሳ ወጥተው እሱ ብቻውን ድንጋይ ይደረድር ነበር። ገርባ አልቆመም። ጋሮማ “አቁም!” እያለ ጮኾ ጮኾ፣ መኪናው ዳገቱ ላይ ሲያዘግም በሩን ከፍቶ ዘለለ። ወደ ኋላ ሮጦ ልጁን አቀፈው። እጁ ላይ ነው የሞተው።

ነገሩ ፊቼ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቤተሰቤ ተሰብስቦ መከረ። ጋሮማ “ልጁ ራሱ ነው ዘሎ የገባው፤ ገርባም መግጨቱን አላወቀም” እንዲል ተለመነ። ከሱ በቀር ያየ ሰው የለም። ያቺን ቃል ቢናገር ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ጫማውን እያሰረ “ዱርሲቱ፣ ገርባን እወደዋለሁ” አለኝ።

“ከወደድከው አድነዋ!” አልኩት።

“ገርባ እናት አለው፣ አንቺ አለሽው፣ ጠበቃ ቆሞለታል። ያ ልጅ ማን አለው? የመጨረሻ ቃሉን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።”

“ምን አለህ?”

“‘እናቴ እንዳትሰማ’ አለኝ።”

ሄዶ ያየውን ተናገረ። ገርባ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። እናቴም “የዚያን ሰው ቤት ደጃፍ ዳግም ከረገጥሽ እኔን እንደቀበርሽኝ ቁጠሪው” አለችኝ። አባቴ ሞቷል፣ ወንድሜ ታስሯል፤ ከኔ ሌላ ማን ነበራት? ትቼው መጣሁ። እናንተ ሽማግሌዎች “ጥፋቱ የማን ነው?” ብላችሁ ስትጠይቁን ዝም ያልነው ለዚህ ነው። የሁለታችንም ጥፋት አልነበረም።

“ለባዳ ይሆናል ወይ?” ለሚሉት፣ ለባዳ መሆኑንማ ትዳሬን ከፍዬበት አይቻለሁ ብላለች ይበሉልኝ።

ግን የኔን ብቻ ሰምተው አይፍረዱ። ገርባ ተፈትቶ ቡራዩ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ይሠራል። ከኔ ይልቅ የተጎዳው እሱ ነው። እሱን ይጠይቁት።

ዱርሲቱ


ሰበታ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2007 ዓ.ም.

ልጄ ዱርሲቱ፣

ይህን ያህል ወር ዝም በማለቴ ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም። ቢሆንም ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ፈርሜያለሁ፤ ሰፈሩም ተከትሎኝ ፈርሟል። ጋሮማ ዕጩነቱ ጸድቆለት ምልክቱን ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ ነው።

ገርባን እንድጠይቅ ብለሽኝ ነበር። አዎ፣ ቡራዩ ወርጄ ነበር። ብሎኬቱን እየደረደረ በሲሚንቶ አቧራ ነጥቶ አገኘሁት። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት። “ስለዚያ ሰው የምናገረው የለኝም” አለኝና ሻይ እንኳ ጠጡ ሳይለኝ ጀርባውን ሰጠኝ። አልፈረድኩበትም። ቀና ብዬ ታክሲዬን ይዤ ተመለስኩ።

ያለፈው እሑድ ዕጩዎቹ ከሕዝብ ጋር እንዲወያዩ ኳስ ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። ዱባለ ተናገረ፤ ተጨበጨበለት። የሱፍ ተናገረ፤ ወጣቱ በፉጨት አደመቀው። ጋሮማ ሲነሣ ከኋላ አንዱ “አማቹን ያሳሰረ! አማቹን ያሳሰረ!” እያለ መጮህ ጀመረ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። ጋሮማ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠብቆ፣ “እውነት ነው፤ መስክሬበታለሁ” አለ። ከዚያ በላይ አልጨመረም። እኔ በውስጤ “አስረዳ እንጂ፣ አንተ ሰው!” እላለሁ። እሱ ግን የሰውን ገመና አንሥቶ ራሱን ሊያጠራ አልፈለገም።

ያኔ ከጎን በኩል አንድ ሰው እጁን አወጣ። ገርባ ነው፣ ልጄ! ከቡራዩ ማንም ሳይጠራው መጥቷል።

“የታሰርኩት እኔ ነኝ” አለ። “ሰው ገጭቼ ሮጫለሁ። ይሄ ሰው አይቶ ተናገረ። ወህኒ ሆኜ ስድስት ዓመት ሙሉ ረግሜዋለሁ። ዛሬ ግን ፍርዴን ጨርሼ ወጥቼ የሰው ዓይን እያየሁ ሰላም እላለሁ። ያን ጊዜ ዋሽቶልኝ ቢሆን እስካሁን እየሮጥኩ ነበር።” ጋሮማን በእጁ አሳየ። “እንዳይመስላችሁ፣ አሁንም አልወደውም። ከሱ ጋር አንድ ማዕድ አልቀርብም። መሬቴ ቢነካ ግን የሚመሰክርልኝ እሱ እንዲሆን ነው የምፈልገው።”

ይህን ብሎ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ። ጋሮማ ቀና ማለት አቅቶት መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። እኔ በሽማግሌነት ዘመኔ ብዙ ምስክር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ሰምቼ አላውቅም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋሮማም ሌላ አላገባም፤ አንቺም አላገባሽም። አስቢበት።

ነገሳ


ሱሉልታ፣ ሰኔ 4 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ነገሳ፣

ስለ ውጤቱ የጻፉልኝን አነበብኩ። አዘንኩ፤ አልተገረምኩም። በሰፈራችሁ ጣቢያ መብለጡ ለኔ በቂ ነው። ዱባለ ማሸነፉ በተሰማ ቀን ግን ጋሮማ ቤቱ ድረስ ሄዶ እጁን መጨበጡን ስሰማ “ይኸው እሱ ነው!” አልኩ። “ከዛሬ ጀምሮ የኔም እንደራሴ አንተ ነህ። ስለ መሬታችን ስትናገር ድምፅህ ከራደ እኛን አስበን” ማለቱን ሦስቴ ደግሜ አነበብኩት። ወጣቶቹ “ተንበረከከ” ብለው ማኩረፋቸው አይግረምዎ። እኔም በነሱ ዕድሜ ብሆን አኮርፍ ነበር።

እኔም እዚህ መርጫለሁ። ሰልፍ ይዤ ሳለሁ የኛን ዕጩዎች በእርስዎ ጥያቄ ልፈትናቸው አልኩና፣ አንዳቸውንም በአካል አይቼ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። የማውቀው በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፎቷቸውን ነው። ያኔ በእናንተ በሰበታዎች ቀናሁ።

ገርባን “ለምን ሄድክ?” አልኩት። “ያን ሽማግሌ ሻይ ሳልጋብዝ መስደዴ ነው የከነከነኝ” አለና ወሬ ቀየረ። ለእናቴ አልነገርናትም። በዚህ ቤት የጋሮማ ስም አይጠራም።

ስለ እርቁ ያነሡት አይሆንም፣ አባባ። ደግ ሰው መሆኑን አጥቼው አይደለም። እሱ ያለውን ልብ ለሰው ሁሉ እኩል ነው የሚያካፍለው። ሚስት ስሆን ድርሻዬ ያንስብኛል። እንደራሴ ሲሆን ግን ያው ጠባዩ በረከት ነው። አንዱን ሰው ለቤቴ ሳልፈልገው ለአገር ልመኘው እችላለሁ። ይህን እንደ ኩርፊያ አይዩብኝ።

ዱርሲቱ


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ዱርሲቱ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። መንገዱ ተዘግቶ ስለ ሰነበተ ከሊፋም ብቅ አላለ፤ ይህችን የምልክልሽ በአንድ የተጂ ነጋዴ እጅ ነው። እኛ ደህና ነን። ደጊቱ ደህና ናት። ጤፉ ታጭዷል፤ አልተወቃም።

ስለ ሌላው ለጠየቅሽኝ ዛሬ የምጽፈው የለኝም። ወረቀት መንገድ ላይ ይነበባል። ታገሺኝ።

ነገሳ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ነገሳ፣

“ስለ ሌላው” አሉኝ! ሌላው ስም የለውም? እዚህም ተማሪዎቹ ወጥተዋል፤ እዚህም ተለቅሷል። ከሰበታ በኩል “የከብቱ ሐኪም ጠፋ” የሚል ወሬ ይመጣል፤ ሞተ የሚልም አለ። ሚስቱ አይደለሁም፤ ማልቀስ ይገባኝ አይገባኝ እንኳ አላውቅም። አንዲት ቃል ይበቃኛል፤ አለ ወይስ የለም? በደፋርነቴ አይቆጡኝ።

ዱርሲቱ


ሰበታ፣ ጥር 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ልጄ ዱርሲቱ፣

አለ። መጀመሪያ እሱን እወቂ። ታስሯል እንጂ በሕይወት አለ። ያን ያህል ስላስጨነቅሁሽ ጥፋቱ የኔ ነው። ልጽፍ ስነሣ ሁሉ ፈርቼ እተወው ነበር።

በዚህ ሳምንት ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። መንደሩ እልል አለ። እኔም ከሰው ጋር እልል ብዬ፣ ወዲያው የተቀበሩት ልጆች ትዝ አሉኝና ቁጭ አልኩ። ፕላኑ ቢቀርም ጋሮማ ገና አልተፈታም።

የሆነው እንዲህ ነው። ተማሪዎቹ ሰልፍ ሲወጡ ጋሮማም እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ከመሐላቸው ነበር። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰና ሰው ተበተነ። ከተበተኑት አንዳንዶቹ በንዴት ወደ ፋብሪካው ግንባታ ዞሩ። እዚያ ከደቡብ የመጡ ሠራተኞች በቆርቆሮ ቤት ይኖራሉ። “መሬታችንን የሚቆፍሩት እነሱ ናቸው” እያሉ ድንጋይ አነሡ። ጋሮማ ይህን ሲያይ አቋርጦ ሮጠ።

ቀሪውን የነገረችኝ ኤልሳቤት ናት፤ ከወላይታ መጥታ እዚያ አሸዋ የምትሸከም ሴት። በሯን ከውስጥ ይዛ ስትጸልይ የሱን ድምፅ ሰማች። “እነዚህ የመጡት እንጀራ ፍለጋ ነው! መሬታችሁን የሸጠ ሰው እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ውስጥ አይኖርም!” ይላል። አንዱ ድንጋይ ቅንድቡን ፈነከተው። አልሸሸም። በሯ ላይ ቁጭ ብሎ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ፣ “ደክሞኛል፤ ተቀምጬ ልጠብቃችሁ” አላቸው። ልጆቹ አፈሩ። አንዱ መጥቶ ስካርፉን ሰጠው። ኤልሳቤት “አባቴ ቢሆን ከዚህ በላይ አያደርግልኝም” አለችኝ።

በዚያው መሐል የፀጥታ ኃይሎች ደርሰው ከበቧቸው። “ማነው የጠራችሁ?” ተባሉ። ጋሮማ ተነሣና፣ “እኔ ነኝ የጠራኋቸው” አለ። እሱን ወሰዱት፤ ልጆቹ ወደ ቤታቸው ተለቀቁ።

አልጠራቸውም፣ ዱርሲቱ። ሊመልሳቸው ነው የሮጠው። አቶ ዱባለም ይህን ሰምቶ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ለምኖለት ነበር፤ አልሰሙትም። ሲመለስ እኔ ቤት ገብቶ አለቀሰ። ፈሪ ነው ብዬ ያማሁትን ሰው ያን ቀን አከበርኩት።

አሁን ግን አንዳንድ ሽማግሌዎች ይሞግቱኛል። “አይዋሽም ብለህ አስፈረምከን፤ ይኸው ዋሸ። ለማይዛመዱት የዋሸ ለአማቹ ለምን አልዋሸም?” ይሉኛል። አንቺ ምን ትያለሽ?

ነገሳ


ሱሉልታ፣ ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ነገሳ፣

በሕይወት አለ ስላሉኝ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው።

ለሽማግሌዎቹ እንዲህ ይበሉልኝ፤ ያኔ ቢዋሽ ኖሮ ዋጋውን የሚከፍለው ያ የሞተ ልጅ ነበር። አሁን ሲዋሽ የከፈለው ራሱ ነው። እኔ የማየው ልዩነት ይኸው ነው። እነሱ ሌላ ካዩ ይንገሩኝ፤ እሰማለሁ።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት እናቴ አጠገብ ነው። ከሊፋ ሲሰጠኝ አየችኝና “ከማን ነው?” አለች። መደበቅ ሰለቸኝ። “ስለ ጋሮማ ነው” አልኳት። ተነሥታ ትወጣለች ብዬ ጠበቅሁ። “አንብቢልኝ” አለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ስለ ገርባና ስለ ኳስ ሜዳውም ነገርኳት።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

“የተለቀቁት ልጆች እናቶቻቸው ያውቃሉ?” አለችኝ።

“ያውቁ ይሆናል፣ እማዬ።”

“ቅንድቡ ዳነለት?”

“አልተጻፈም።”

ከዚያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ፣ “ስንቅ የሚያደርስለት ሰው አለው?” አለች። አላውቅም አልኳት። ወደ ጓዳ ገባች። ገብሱን ስትነፋ፣ ቅቤውን ስታወርድ እሰማታለሁ። ጭኮ ልታሽለት ነው፤ “መንገድ ይችላል፣ ቢቆይም አይበላሽም” ትላለች።

ቅዳሜ ከሊፋ ወደ ሰበታ ይጭናል። እሷ ከፊት ከሹፌሩ ጋር፣ እኔ ከድርቆሹ ላይ ሆነን እንመጣለን። ማን ናችሁ ቢሉን ምን እንደምንል አልተማከርንም፤ እርስዎ ብቻ የታሰረበትን በር ያሳዩን።

ሰላምታዬን ሳልጨርስ ላቁም፤ እናቴ ከጓዳ እየጠራችኝ ነው። “ጨው ጠንከር ሲል ይወዳል ወይስ ለስለስ ሲል?” ትላለች። ልሂድና ልንገራት።

ዱርሲቱ